ችግኞቼን የገደልኳቸው በውሃ ነበር፦ ከዘር ጀምሮ ትንሽ ጓሮ ለማበጀት ለምታስቡ

በ2013 ዓ.ም. ጥቅምት ላይ ጓሮ ያለውን የድሮ ቤታችንን ለቀን ጀሞ ኮንዶሚኒየም ገባን። ሁለተኛ ፎቅ ነው። ቤቱ ንጹሕ ነው፣ ብርሃን አለው፣ መጸዳጃ ቤቱም የራሳችን ነው። እናቴ ግን ሳምንት ሳይሞላት ከፋት። ቡና አፍልታ ስትጨርስ ብድግ ብላ ጤና አዳም የምትቀነጥስበት ቦታ አጣች። በድሮው ቤት ከኩሽናው ጀርባ ጤና አዳም፣ በሶብላ፣ ኮሰረትና ጥቂት ጎመን ነበራት። ለአንዲት እስር ጤና አዳም ብር መክፈል ለእሷ ነውር ይመስላታል።

በረንዳው ላይ የሆነ ነገር አበቅልላታለሁ ብዬ ተነሳሁ። እስከዚያ ድረስ አንዲት ዘር ዘርቼ አላውቅም። እናቴም ብትሆን ከዘር አልጀመረችም። ጤና አዳሙ ከጎረቤት ተቆርጦ የተተከለ ነው፤ ጎመኑ ደግሞ በየዓመቱ ከረገፈው ዘር ራሱ ይበቅል ነበር። ስለዚህ የሚያስተምረኝ ሰው ቤት ውስጥ አልነበረም። አንድ ዓመት ሙሉ ዘር፣ ገንዘብና ጉልበት አባከንኩ። ሁለት ጊዜ ልተወው ወስኜ ነበር። እናንተ ያንን ዓመት እንዳትደግሙት ነው ይህን የምጽፈው።

የመጀመሪያው ሙከራዬ መጋቢት ላይ ነበር። ከአንድ የዘር መሸጫ ሱቅ ገብቼ ዓይኔ ያየውን ሁሉ ገዛሁ። ቲማቲም፣ ቃሪያ፣ ካሮት፣ ቀይ ሥር፣ ሰላጣ፣ ቆስጣ፣ የሐበሻ ጎመን። ሰባት ዓይነት! ቢጫ የዘይት ጄሪካኖችን ለሁለት ሰነጠቅኩ። አፈሩን ከብሎካችን ሥር በጆንያ ጭኜ አወጣሁ። ከዚያ ዘሩን በጣቴ እስከ ሁለተኛው አንጓ ድረስ ወደ ታች ገፍቼ ቀበርኩት። ጠዋትና ማታ በጆግ አጠጣሁ።

ሦስት ሳምንት ጠበቅኩ። ከሰባቱ ዓይነት ብቅ ያለችው ሁለት ቆስጣ ብቻ ናት። የቀረውን ቆፍሬ ሳየው ዘሩ አብጦ በስብሷል። አፈሩ ይሸታል። ከላይ ሲደርቅ ደግሞ እንደ ሊሾ ይጠነክራል።

በዚያው ሰሞን በሩ ተንኳኳ። ከሥራችን ያሉት እማማ ናቸው። ነጠላቸውን ይዘው ነው የመጡት። ከእኔ ጄሪካን የፈሰሰ ጭቃ ውሃ አዲስ የታጠበ ነጠላቸው ላይ ወርዶበታል። በጣም ደነገጥኩ፣ አፈርኩም። ይቅርታ ጠይቄ ነጠላውን ልጠብልዎ አልኳቸው። እሳቸው ግን ዓይናቸው በረንዳው ላይ ቀርቷል።

«ልጄ፣ ይሄን አፈር ከየት አመጣሽው?» አሉኝ።

«ከታች ነው፣ እማማ። ከብሎኩ ሥር።»

ጎንበስ ብለው በጣታቸው ፈተጉት። «ይሄማ የግንበኛ ትራፊ ነው። ሲሚንቶ አለበት፣ ጠጠር አለበት። እዚህ ላይ ምን ይበቅላል ብለሽ ነው?»

እማማ የሰሜን ሸዋ ገበሬ ልጅ ናቸው። ከዚያ ቀን ጀምሮ አስተማሪዬ ሆኑ። እዚህ ላይ አንድ ነገር ልበላችሁ፤ በረንዳ ላይ የምትተክሉ ከሆነ ከዘሩ በፊት የታችኛውን ጎረቤት አስቡ። ከእያንዳንዱ ዕቃ ሥር ውሃ የሚይዝ ትሪ ወይም የሳፋ ክዳን ይቀመጥ። ዕቃውም ከበረንዳው ብረት ላይ አይንጠልጠል። ለሁለት የተሰነጠቀ ባለ 20 ሊትር ጄሪካን አፈሩ ሲርስ 15 ኪሎ ገደማ ይመዝናል። ወለሉ ላይ፣ ወደ ግድግዳው ተጠግቶ ይቀመጥ። ከሥሩ ደግሞ በጋለ ሚስማር አሥር ያህል ቀዳዳ ብሱለት።

አፈሩን በተመለከተ እማማ ያሳዩኝ ልክ እስከ ዛሬ አልተለወጠም። ሦስት እጅ ለም አፈር፣ ሁለት እጅ የበሰበሰ ፍግ ወይም ብስባሽ፣ አንድ እጅ አሸዋ። ለም አፈርና ፍግ መንገድ ዳር ካሉ ችግኝ ሻጮች በጆንያ ይገኛል። ስትገዙ እፍኝ አንሱና በትንሹ አርሳችሁ ጨብጡት። እጃችሁን ስትከፍቱ ቅርጹን መያዝ አለበት፤ በጣት ነካ ስታደርጉት ደግሞ መፈረካከስ አለበት። እንደ ሊጥ ከተጣበቀ ዋልካ በዝቶበታል፣ አሸዋ ጨምሩ። ጨርሶ ካልያዘ ብስባሽ ይጎድለዋል።

ሁለተኛው ሙከራዬ ሚያዝያ ላይ ሆነ። አፈሩ አሁን ጥሩ ነው። ዘሩን ግን እንዳለ በተንኳቸው፤ ፓኬቱን ሙሉ አንድ ጄሪካን ላይ። በአምስተኛው ቀን ጎመኑ አረንጓዴ ምንጣፍ መሰለ። ደስታዬ ወሰን አጣ። ፎቶ አንስቼ ለዘመድ ሁሉ ላክሁ። እናቴም ወንበሯን አውጥታ አጠገቡ ትቀመጥ ጀመር።

በዘጠነኛው ቀን ጠዋት ግማሹ ተኝቷል። ግንዱ ከአፈሩ ጋር በሚገናኝበት ቦታ ላይ እንደ ክር ቀጥኗል፣ ጠቁሯል። ውሃ ጠምቶት ነው ብዬ ጨመርኩለት። በማግሥቱ የባሰ ተኛ። እንደገና ጨመርኩለት። በሦስት ቀን ውስጥ ምንጣፉ በሙሉ አለቀ። ያን ቀን አልቅሻለሁ። ለጎመን ይለቀሳል ወይ የሚል ሰው ይኖራል፤ እኔ ያለቀስኩት ግን እናቴ ወንበሯን መልሳ ወደ ቤት ስታስገባ አይቼ ነው።

እማማ መጥተው ጣታቸውን አፈሩ ውስጥ ከተቱ። «አጠጥተሽ አጠጥተሽ ገደልሻቸው» አሉኝ። ቁጣ አልነበረበትም። ግን ከሰማሁት ምክር ሁሉ ልቤ ውስጥ የቀረው ይሄ ነው።

በኋላ እንደተረዳሁት ይህ የታወቀ የችግኝ በሽታ ነው። አፈሩ ሁልጊዜ ሲረጥብ፣ ችግኙ ተጠጋግቶ ሲበዛና አየር ሲያጣ፣ አፈር ውስጥ ያለ ሻጋታ ለጋውን ግንድ ከሥሩ ያበሰብሰዋል። አንዴ ከተኛ አይነሳም። መድኃኒቱ አስቀድሞ መከላከል ነው። እኔ አሁን ለዘር የማዘጋጀውን አፈር የፈላ ውሃ አፈስበትና ቀዝቅዞ እስኪጠነፍፍ እጠብቃለሁ። ዘሩን አራርቄ እዘራለሁ። የማጠጣው ጠዋት ብቻ ነው፤ ማታ ከሆነ ሌሊቱን ሙሉ እርጥብ ሆኖ ያድራል። ከማጠጣቴ በፊት ደግሞ ጣቴን እስከ መጀመሪያው አንጓ አስገባለሁ። እርጥበት ከተሰማኝ ጆጉን አስቀምጬ እሄዳለሁ። ይሄ ቀላል ይመስላል። ለእኔ ግን ከሁሉም ከባዱ ነበር። ሰው የሚወደውን ነገር ዝም ብሎ ማየት አይሆንለትም፤ አንድ ነገር ካላደረገለት የበደለው ይመስለዋል።

ከዚያ በኋላ አቆምኩ። ለሁለት ሳምንት በረንዳውን አልነካሁትም። ወደ ነገሩ የመለሰኝ እማማ በወረቀት ጠቅልለው ያመጡልኝ ፌጦ ነው። «ይሄን ዝሪ፣ አሁን። ሦስት ቀን ጠብቂ» አሉኝ። በሦስተኛው ቀን በቀለ። ቀጥሎ ከእናቴ ቅመም ማስቀመጫ አብሽ ወሰድኩ፤ ያልተቆላ መሆኑን አረጋግጬ። እሱም በአራት ቀን ብቅ አለ። ድንብላል ደግሞ ክቡን ፍሬ በመዳፌ ጫን ብዬ ለሁለት ከፈልኩትና ሌሊቱን ውሃ ውስጥ አሳደርኩት። እሱ ሁለት ሳምንት ገደማ ፈጀ፣ ግን በቀለ።

ጀማሪ ለሆነ ሰው ሁሉ የምመክረው ይሄን ነው። ዘር ከመግዛታችሁ በፊት ከኩሽናችሁ ጀምሩ። ፌጦ፣ አብሽ፣ ድንብላል። ብታጠፉትም የምታጡት አንድ ማንኪያ ቅመም ነው። ውሃ ልኩን፣ ብርሃን ልኩን እነሱ ላይ ተለማመዱ። አንድ ጊዜ የራሳችሁ እጅ የዘራው ሲበቅል ካያችሁ መጠበቅ ትችላላችሁ።

የተገዛ ዘር ላይ ስትደርሱ ደግሞ መጀመሪያ ፈትኑት። አሥር ፍሬ ቆጥራችሁ እርጥብ ጨርቅ ውስጥ ጠቅልሉ፣ ፌስታል ውስጥ ከትታችሁ ሙቀት ያለበት ቦታ አስቀምጡ። ስንቱ እንዳጎነቆለ ቁጠሩ። ሰባትና ስምንት ከሆነ ጥሩ ነው። ከአምስት በታች ከሆነ ዘሩ አርጅቷል፣ አትድከሙበት። በማንኪያ እየተሰፈረ የሚሸጥ ዘር መቼ እንደተከፈተ አይታወቅም። ከተቻለ ያልተከፈተ፣ ቀን የተጻፈበት ፓኬት ግዙ። ዘሩ ሮዝ ወይም አረንጓዴ ቀለም የተቀባ ከሆነ መድኃኒት አለበት፤ ከልጆች አርቁት፣ እጃችሁንም ታጠቡ።

ጥልቀቱስ? የዘሩን ውፍረት ሁለት ወይም ሦስት እጥፍ ያህል አፈር ይበቃዋል። ጎመን አንድ ሴንቲ ሜትር፣ ካሮት ግማሽ፣ ቆስጣ ሁለት። ሰላጣ ለመብቀል ብርሃን ስለሚፈልግ ከላይ በተን አድርጋችሁ እንደ አቧራ ብቻ ነስንሱበት። ጎመንና ሰላጣ በሳምንት ይበቅላሉ። ቆስጣ እስከ ሁለት ሳምንት ይወስዳል። ካሮትና ቃሪያ ሦስት ሳምንት ሊያስጠብቁ ይችላሉ። እኔ በኋላ አንድ ጊዜ አሥራ ሁለት ቀን ብቻ ጠብቄ ካሮቱን ቆፍሬ አየሁት። ሊበቅል ሲል ነው ያበላሸሁት። ካሮት ደግሞ ችግኙን ነቅላችሁ ሌላ ቦታ አትትከሉት፣ ሥሩ ይጣመማል። እዚያው ይዘራ፣ እዚያው ይሳሳ።

ስለ ማሳሳት ካነሳሁ፣ አንዷ የቆስጣ ፍሬ በውስጧ ከአንድ በላይ ዘር አላት። ከአንድ ቦታ ሦስት አራት ቡቃያ ሲወጣ ግራ አትጋቡ። ጠንካራውን አስቀርታችሁ ሌላውን በመቀስ ቁረጡት። መጀመሪያ እጄ አልታዘዝልኝም ነበር። ስንት ለፍቼበት እንዴት እቆርጠዋለሁ እያልኩ ሁሉንም ተውኩ፤ ሁሉም እንደ ክር ቀጥነው ቀሩ። አሁን የምቆርጠውን ሰላጣ ላይ ጨምሬ እበላዋለሁ።

ሦስተኛው ውድቀቴ ቲማቲም ነው። ግንቦት ላይ ዘራሁ። ይሄኔ ዘሩ በቀለልኝ። ግን ችግኙን ሳሎን ውስጥ መስኮት ጋ ስላቆየሁት ብርሃን ፍለጋ ተመዞ ቀጭን ሆነ። አንድ ቀን ሁሉንም ድንገት ፀሐይ ላይ አወጣሁት። እስከ ማታ ቅጠሉ ነጥቶ ተቃጠለ። ችግኝ ቀስ በቀስ ነው ፀሐይ የሚለማመደው። መጀመሪያ ቀን አንድ ሰዓት፣ ሁለተኛ ቀን ሁለት ሰዓት፣ እንዲህ እያላችሁ አንድ ሳምንት አስለምዱት። የተረፉትን አምስት እግር ይዤ ክረምት ገባሁ። ሐምሌ ላይ ቅጠላቸው እንደ ፈላ ውሃ እንደነካው ጠቆረ፤ ፍሬው ገና ለውዝ እያከለ በሰበሰ። ምች መታው አሉኝ። ቲማቲም የአዲስ አበባን የሐምሌና የነሐሴ ዝናብ ያለ መጠለያ አይችለውም።

እኔ እንዲህ ነው የማደርገው አሁን። ቲማቲምና ቃሪያ ጥር መጀመሪያ ላይ አፈላለሁ። ሌሊቱ ብርድ ስለሆነ ችግኙን ማታ ማታ ወደ ቤት አስገባለሁ። የካቲት መጨረሻ ላይ ወደ ትልቁ ዕቃ አዛውራለሁ። ግንቦት ላይ ክረምቱ ሳይከብድ እለቅማለሁ። ጎመን፣ ቆስጣና ሰላጣ ብርዱን ስለሚወዱት ዓመቱን ሙሉ ይሆናሉ፤ በረዶ ሲጥል ብቻ አሮጌ መጋረጃ ጣል አደርግባቸዋለሁ። በረንዳችሁ ምን ያህል ፀሐይ እንደሚያገኝም ቁጠሩ። የእኛ ወደ ምሥራቅ ስለሚያይ እስከ እኩለ ቀን ብቻ ነው የሚያገኘው። ለቅጠላ ቅጠል ይበቃል። ቲማቲም ግን ቢያንስ ስድስት ሰዓት ሙሉ ፀሐይ ይፈልጋል።

ለቲማቲም ሲባል ነው መሬት ያስፈለገኝ። ነሐሴ 2013 ላይ እኔና እማማ የብሎኩን ኮሚቴ ጠይቀን ከግድግዳው አጠገብ ሁለት በሦስት ሜትር የሚሆን ቦታ ተፈቀደልን። ጠጠሩን ለቅመን፣ ፍርስራሹን አውጥተን፣ አምስት ጆንያ ለም አፈር አፈሰስንበት። እዚህም አንድ ጥፋት አጠፋሁ። ላም ከሚያረባ ሰው ገና እርጥብ የሆነ እበት አምጥቼ በአንዱ ጥግ ደባለቅኩ። በዚያ ጥግ የተተከለው ቆስጣ ጠርዝ ጠርዙ ተቃጥሎ ሞተ። ትኩስ እበት ቢያንስ ሦስት ወር ተከምሮ፣ ሽታው ጠፍቶ፣ ጠቁሮ እንደ አፈር ካልሆነ ወደ አትክልት አይጠጋም።

የወረዳችን የከተማ ግብርና ባለሙያ አንድ ቀን ሲያልፍ አይቶን ቆመ። ብዙ ነገር አሳየን። እኛ ሳናውቀው ጎመኑ ቅጠል ሥር ክሽክሽ የሚባለው ጥቃቅን ተባይ ሰፍሮበት ኖሯል። ቅጠሉ ከተጠቀለለና ከተጣበቀ ገልብጣችሁ እዩት። ትንሹን በእጅ መጭመቅ ይበቃል። ከበዛ በአንድ ሊትር ውሃ አንድ የሻይ ማንኪያ ፈሳሽ ሳሙና በጥብጣችሁ ማታ ከሥር በኩል ርጩት፤ ጠዋት በንጹሕ ውሃ እጠቡት። ለምግብ የምትለቅሙት ነገር ላይ የበረሮና የትንኝ መድኃኒት በፍጹም አትንፉ። አንድ ጎረቤታችን ያንን ሊያደርግ ሲል ነው እማማ እጁን የያዙት።

ውሃ በፈረቃ ነው የሚመጣልን። ስለዚህ አትክልትና ሩዝ ያጠብኩበትን አልደፋም፣ በባልዲ አጠራቅማለሁ። ሳሙና የነካውን ግን አልጠቀምም። ከሁሉ በላይ የረዳኝ ደግሞ የበዓል ቄጤማ ነው። ለበዓል ተጎዝጉዞ የሰነበተውን ሰብስቤ አደርቀዋለሁ፣ ከዚያ በችግኞቹ መካከል አለብሰዋለሁ። ግንዱን ግን አይንካ። አፈሩ ከሥሩ ሳይደርቅ ይቆያል። ዱሮ በየቀኑ አጠጣው የነበረውን አሁን በበጋ በሦስት ቀን አንዴ ነው። ከብሎካችን ብዙ ሰው የበዓል ማግሥት ቄጤማውን ለእኔ ያስቀምጥልኛል።

አዲሱ ዓመት 2014 ከገባ በኋላ፣ የነቢያት ጾም በገባ በሁለተኛው ሳምንት፣ የመጀመሪያውን ጎመን ቆረጥን። የዳር ዳሩን ቅጠል ብቻ ነው የቆረጥነው፤ ልቡን ስትተዉት መልሶ ያቆጠቁጣል። ጎመኑ ብዙ አልነበረም፣ ሲበስልማ እፍኝ ሆነ። እናቴ በነጭ ሽንኩርት ሠራችው። ለእማማ በሳህን ላክንላቸው። በረንዳው ላይ ደግሞ ከእማማ የተቆረጠው ጤና አዳም ሥር ይዞ ነበር። እናቴ ያን ቀን ቡና ስታፈላ ብድግ ብላ ሄዳ ቀነጠሰች። ምንም አላለችም። ሲኒው ላይ ጣል አድርጋ ሰጠችኝ።

የሰባት ዓይነቱን ግርግር ያቀለልኩት ከዚያ ወዲህ ነው። የምትጀምሩ ከሆነ በመጀመሪያው ዓመት ሦስት ይብቃችሁ። ጎመን፣ ቆስጣና አንድ የምትወዱት የቡና ወይም የወጥ ቅመም። ቤታችሁ የማይበላውን አትዝሩ። እኔ ቀይ ሥር የዘራሁት ፓኬቱ ላይ ያለው ሥዕል ስላማረኝ ነው፤ እናቴ ደግሞ አትወደውም።

ዘርም መግዛት ቀንሻለሁ። ከሐበሻ ጎመኑ ጠንካራውን አንድ እግር ሳንቆርጠው እንተወዋለን። ቢጫ አበባ ያወጣል፣ ቀጥሎ ቆባ ይይዛል። ቆባው ቢጫ ሲሆን፣ ግን ሳይፈነዳ ቆርጠን ጥላ ሥር እናደርቀዋለን። ከአንዱ እግር የሚገኘው ዘር ለብሎኩ ሁሉ ይተርፋል። ፓኬቱ ላይ ኤፍ ዋን (F1፣ የተዳቀለ ዘር ማለት ነው) የሚል ያለበትን ቲማቲም ግን ዘሩን አታስቀምጡ፤ በሚቀጥለው ዓመት እንደ እናቱ አይሆንም።

ዘንድሮ ሦስተኛ ፎቅ ያለች አንዲት ልጅ መጥታ ልጀምር ነው አለችኝ። አሥር ፍሬ ጎመን በደብተር ወረቀት ጠቅልዬ ሰጠኋት። እርጥብ ጨርቅ ውስጥ አድርጊው፣ በአራተኛው ቀን ቆጥረሽ ንገሪኝ አልኳት። ትናንት ማታ በሩን አንኳኩታ መጣች። ዘጠኙ አጎንቁለዋል።